የአይጥ ጅራት የቀባሁ ሰሞን

ወይኒን ያወቅኳት ከጫማዋ ጀምሬ ነው። ሥራዬ ስለሆነ ሰውን ከታች ነው የምጀምረው፤ ጫማው ደስ ካለኝ ብቻ ነው ቀና ብዬ ፊቱን የማየው።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ ከጋሽ አብዱልሃሚድ ጎን፣ አንዲት የቆርቆሮ መጠለያ ነበረችኝ። እሳቸው የተቀደደ ጫማ ይሰፋሉ፣ እኔ ቀለም እቀይራለሁ። ቡናማ ይዘህ ና፣ ጥቁር አድርጌ እሰድሃለሁ። ነጭ ይዘህ ና፣ የፈለግከውን ጥራ። ቀለሙን በስፒሪት የምበጠብጠው ራሴ ነኝ። «የፈቀደን ቀለም ዝናብ አስለቀቀው» የሚል ሰው ፒያሳ ውስጥ ካለ ይምጣና ፊቴ ይናገር።

ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ ነው። ብሔራዊ ውትድርና እየተባለ ጎረምሳ ሁሉ ይለቀማል። ቀበሌያችን ስሜን ከጠራ አራት ወር ሆኖታል፤ እኔ ግን እስካሁን «አቤት» አላልኩም። የአፈሳ መኪና ከሩቅ ሳይ የጋሽ አብዱል ትልቁ ሳጥን ውስጥ ዘልዬ እገባለሁ፣ እሳቸው ክዳኑ ላይ ቁጭ ብለው መስፋታቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ቀን ነጭ የሴት ጫማ ፊቴ ዱብ አለ። አፍንጫው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለበት።

«ታስለቅቅልኛለህ?»

«የምን ቀለም ነው?»

«የአይጥ ጅራት የምቀባበት።»

ቀና አልኩ። በዚህ ሰፈር ሰው የሚፎግረው እኔ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ልጅቷ ግን አትስቅም። ቀይ ዳማ ናት፣ ፀጉሯን ወደኋላ አስራዋለች፣ ዓይኖቿ አንድ ነገር ደብቀው የያዙ ይመስላሉ።

«አይጧ ሠርግ አለባት እንዴ?» አልኳት።

«ሠርግ የለባትም። ድብርት ነው ያለባት።»

ጋሽ አብዱል መርፌያቸውን አቁመው፣ «ወላሂ ፈቀደ፣ ዛሬ የሚበልጥህ መጣ» አሉ።

አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነበር። «ቅዳሜ ነይ» አልኳት። ቅዳሜ መጣች። «ቀለሙ አስቸገረኝ፣ ማክሰኞ ነይ» አልኳት። ማክሰኞ መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አንተ ልጅ፣ ጫማው ነው ያላለቀው ወይስ እኔን አይተህ አልጠገብክም?»

«ሁለተኛው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እሷ ስትስቅ ትከሻዋም ይስቃል። እኔ ያኔ አለቀልኝ።

*

አፍንጮ በር ነው ቤታቸው። አባቷ አቶ ገብረትንሣኤ የድሮ የመንግሥት ጸሐፊ ናቸው፤ ሲያዩኝ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉታል፣ የቆሸሸው መነጽሩ እንዲሆን ተስፋ ያደርጋሉ መሰለኝ። እሷ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ከስድስት ኪሎ ወረድ ብሎ ያለ አንድ የመንግሥት የምርምር ቤት ውስጥ አይጦች ትንከባከባለች። ለጥናት የሚያረቡዋቸው ነጫጭ አይጦች ናቸው፤ የጓዳ አይጥ እንዳይመስልህ። ሳቋን ለኔ ሰጠችኝ፣ ቀኗን ግን እዚያ ታውለዋለች፤ ዶክተር የማነ የሚባል ሰው ጋ።

ዶክተር የማነ ሃንጋሪ ተምሮ የመጣ ነው። ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ሚስት የለውም፣ መኪና አለው፣ ከወይኒ ጋር ትግርኛ ያወራል። ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት። አንድ ማኪያቶ ጠጥተን እስክንጨርስ ስሙን አስራ አንድ ጊዜ ጠራችው። ቆጥሬያለሁ።

«ዶክተር እንዲህ አለ፣ ዶክተር እንዲያ አለ። ሰውየው ሲያነጥስስ ምን ይላል?»

«ቀናህ እንዴ?»

«እኔ? በአይጥ ሐኪም?»

ቀንቼ ሞቻለሁ። የኔ ቅናት ከሆዴ ነው የሚነሳው፤ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ደረቴ ይወጣል። አስር ደቂቃ ካረፈደች፣ በአምስተኛው ደቂቃ ለዶክተሩ ድሬያታለሁ፤ በሰባተኛው ወልዳለች፤ በአስረኛው ልጁን ትምህርት ቤት አስገብቼ ጨርሻለሁ። እሷ እያለከለከች ስትደርስ እኔን ከማላውቀው ልጅ አባት ጋ ተጣልቼ ነው የምታገኘኝ።

«ታክሲ አጥቼ ነው ፈቄ።»

«ዶክተሩ መኪና የለውም?»

«አለው። ልውሰድሽ ሲለኝ እምቢ ብዬ ነው በእግሬ የመጣሁት። አሁን ግን ተሳስቻለሁ ብዬ እያሰብኩ ነው።»

እንደዚህ ናት። ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ጠልቆ ይገባል።

ሁለቴ ተከትያታለሁ። በሁለተኛው የምርምር ቤቱ አጥር ሥር ተለጥፌ አገኘችኝ። አልጮኸችም። ብዙ አየችኝና፣ «እሁድ ና» አለች። «እኔ እሁድ ነው የማበላቸው። ዘበኛውን እለምንልሃለሁ። ገብተህ በዓይንህ እይ፣ ምናልባት ሆድህ ያርፍ ይሆናል።»

*

ለዚያች እሁድ ስጦታ አዘጋጀሁ። አንድ ጥሩ የሴት ጫማ ገዝቼ ሦስት ቀን ሙሉ ወይን ጠጅ ቀባሁት፤ ቀለም ደርቤ፣ ወልውዬ፣ ደግሞ ደርቤ። ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ቀለም ነበር። የተረፈውን በትንሽ ቢልቃጥ ቋጥሬ፣ ሲጫር የምትነካካበት ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ዘበኛው ጋሽ አጥናፉ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ግባ፣ እኔ አላየሁህም» አሉኝ። ወይኒ ጫማውን ስታይ አፏን በመዳፏ ከደነች። እዚያው አደረገችው። በሲሚንቶው ላይ ወዲያና ወዲህ እየሄደች እግሯን ታያለች።

«ከአይጦቼ ጋር አመሳሰልከኝ አይደል?» አለች።

እውነቷን ነው። ሃያ አራት ናቸው፣ በየሽቦ ሳጥኑ አራት አራት ሆነው ተቀምጠዋል። በየሳጥኑ የሁለቱ ጅራት ነጣ ያለ ነው፣ የሁለቱ ወይን ጠጅ። ቁስል ላይ የሚቀባው ጂቪ የሚሉት ቀለም ነው።

«ምን ሆነው ነው?»

አንዱን አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። «እነዚህ ባለቀለሞቹ፣ ገና ጨቅላ ሆነው ሁለት ሳምንት መድኃኒት ተወግተዋል። ሌሎቹ ጨው ያለበት ውሃ ብቻ ነው የተወጉት። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካቸውም። አብረው ነው ያደጉት፣ አንድ ምግብ ነው የሚበሉት።»

«መርዝ ነው?»

«መርዝማ አይደለም። ትልቅ ሰው ሲከፋው፣ ሲደብተው የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ትልቁን ያድነዋል። ጨቅላ ላይ ግን አንጎሉ ገና እየተሠራ ነው። ፍርሃትንና ደስታን የሚያመላልስ አንድ ንጥረ ነገር አለ፣ ሴሮቶኒን ይሉታል። በዚያች ሰዓት ልኩን ከነካካህበት፣ አንጎሉ ያንን እንደ ትክክለኛ ልክ ቆጥሮ ይሠራል። ሲያድግ ይፈራል፣ ይደብተዋል። መድኃኒቱ ከውስጡ ከወጣ ቆይቷል እኮ! የተሠራው ግን እንደተሠራ ነው። ዶክተር የሚጠረጥረው ይሄንን ነው። ነገ ነው መፈተን የምንጀምረው።»

«ማን የትኛው እንደሆነ ቢጠፋብሽስ?»

«ጅራታቸው ነዋ! ጂቪው በሳምንት ስለሚደበዝዝ አርብ አርብ እደግመዋለሁ። ያ ከጠፋ የአራት ወር ሥራ ጠፋ ማለት ነው።»

ይሄን ያለችኝ ራሷ ናት፣ አምናኝ። እኔ ሰማሁ። ጆሮዬ ነው የሰማው።

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ራሱ መጣ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። ጫማው ቡናማ ነው፣ ተረከዙ ወደ ውጭ አልቋል፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ጫማ ነው። እኔን በጭንቅላቱ ሰላም አለኝ፣ ለሷ በትግርኛ አንድ ነገር ነገራት። እሷ በትግርኛ መለሰች። ሁለቱም ሳቁ። ትከሻዋም ሳቀ።

ያ ትከሻ የኔ ነበር።

«ቢሮ ውስጥ የነገውን ወረቀት ላሳያት ነው፣ ትንሽ ታገሠን» አለኝ በአማርኛ፣ በጨዋ ደንብ። በኔ ጫማ እየተራመደች አብራው ሄደች።

ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ቀዝቃዛው ውሃ ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ደረሰ። በቀጭኑ ግድግዳ ሳቃቸው ይሰማል። እጄ ኪሴ ገባ፣ ቢልቃጧን አገኘ። ከዚያ በኋላ እንደ ልጅ ጨዋታ ነው የሆነብኝ። አንዱን በጀርባው ያዝኩት፣ ነጣ ያለች ጅራቱን ጣቴ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ ቀባሁ። የሷን ይመስላል። ቀጥሎ ያለውን። አስራ ሁለት ጅራት ለኔ ምንድነው? በቀን ሠላሳ ጫማ የምቀባ ሰው ነኝ። ሲመለሱ እጄን ኪሴ ከትቼ እያፏጨሁ ነበር። መሽቶ ስለነበር ማንም ጅራት አላየም።

ነገ ዶክተሩ ሲያፍር ይታየኝ ነበር። አንዲት ጊዜ እንኳን የወይኒ ፊት አልታየኝም።

*

ማክሰኞ ቀጠሯችን ላይ አልመጣችም። ረቡዕም ቀረች። እኔ መቼም አውቀዋለሁ፦ ከዶክተሩ ጋር ናት። ይዣቸው ላዋርዳቸው ብዬ በግማሽ ቀን ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ።

ጋሽ አጥናፉ በሩ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ አትግባ። ወይኒዬ ተይዛለች።»

«በማን?»

«በጓድ ካሣሁን። የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ነው። ሰኞ ሲገቡ የሁሉም አይጥ ጅራት ወይን ጠጅ! ቀቢዋ እሷ፣ ቁልፉ እሷ ጋ። አሻጥር ነው ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ ማን ላከሽ እያለ ያፋጥጣታል። የትግሬ ልጅ ስለሆነች ደግሞ... ተወው። ነገ ወረቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ከሄደ እኔ እንጃ።»

«አንድ ሰው ገብቶ ነበር አላለችም?»

«አላለችም። እኔን ለማዳን ይሆናል፣ አንተንም ይሆናል።»

እግሬ ወደ ድልድዩ እንዴት እንደመለሰኝ አላውቅም። ጋሽ አብዱል ጎን ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እዚያ ገብቼ ከተናገርኩ ቀበሌ ይደወላል፣ ጋሼ። ከዚያ በቀጥታ ጦር ሰፈር ነው። እኔ ስሄድ ደግሞ እሷ ከማን ጋር ትቀራለች? ከሱ ጋር! በእጄ ልስጠው?»

ጋሽ አብዱል ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ቀለሙ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

*

ተመልሼ ስገባ ቢሮው ውስጥ ሦስቱ ነበሩ። ጓድ ካሣሁን ከጠረጴዛው ኋላ፣ ዶክተሩ መስኮቱ ጋ፣ ወይኒ ጀርባ በሌለው ወንበር ላይ። ወይን ጠጁን ጫማ አድርጋዋለች። ዓይኗ አብጧል።

«ጅራቱን የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ ማነህ?» አለ ጓድ ካሣሁን።

«ፈቀደ እባላለሁ። ጫማ ቀቢ ነኝ።»

«ማነው የላከህ? የየትኛው ድርጅት አባል ነህ?»

«ቅናት ነው የላከኝ፣ ጓድ። ሌላ ድርጅት አላውቅም።»

ጋሽ አጥናፉ በር ላይ ሆነው ሳል ያዛቸው። ወይኒ ግን ቀና ብላ አየችኝ። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። ሦስት ቀን እኔን ደብቃ የያዘች ሴት፣ የደበቀችው ሰው ራሱ ጥፋተኛው እንደሆነ ሲገባት ያየችኝን አስተያየት እስከምሞት አልረሳውም። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጓድ ካሣሁን ስልኩን አነሳ። «የየትኛው ቀበሌ ልጅ ነህ? ዕድሜህስ?»

ይሄኔ ዶክተሩን አየሁት። አንድ ቃል አያስፈልገውም ነበር፤ ዝም ቢል በቃ። ዝም ካለ እኔ ጭነት መኪና ላይ ነኝ፣ ሜዳው ለሱ ነው። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ዝም እል ነበር።

«ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ።

«በስፒሪት የተበጠበጠ የቆዳ ቀለም።»

«ይለቃል?»

እዚያ ሁሉ ጣጣ መሀል ደሜ ፈላ። «የኔ ቀለም? የኔ ቀለም አይለቅም!»

«የወይኒስ?»

«የሷማ በሳም...» አልኩና ቆምኩ።

ዶክተሩ ቀስ ብሎ ሄዶ ስልኩን ከጓድ ካሣሁን እጅ ወሰደና ዘጋው። «የሷ በሳምንት ይደበዝዛል። የሱ ይቀራል። አስር ቀን በየቀኑ ቢታጠቡ፣ ቀለሙ የለቀቀው የተወጋው ነው። ሥራው አልጠፋም፣ ጓድ። የሚያጥባቸው ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ።»

«እሺ» አለ ጓድ ካሣሁን ጥርሱን ነክሶ። «ሥራው እስኪያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ግን...»

*

አስር ቀን የአይጥ ጅራት አጠብኩ። በሳሙና፣ በሞቀ ውሃ፣ አንድ በአንድ። ሁለቱ ነከሱኝ፣ ይገባኛል። ወይኒ ምግባቸውን ታስገባለች፣ ውሃቸውን ትቀይራለች፣ ከኔ ጋር አትናገርም። ሳሙናውን እንኳን ስታቀብለኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነው። ከዶክተሩ ጋር ግን በትግርኛ ታወራለች። እኔ ጅራት ይዤ እሰማለሁ። ቅጣት ማለት ይሄ ነው፤ ጓድ ካሣሁን ምንም አያውቅም።

በሰባተኛው ቀን እሷ ስትወጣ ዶክተሩ እጅጌውን ሰብስቦ አጠገቤ ማጠብ ጀመረ።

«ባለፈው ክረምት ጠይቄያታለሁ» አለ ድንገት።

ይዤው የነበረው አይጥ አመለጠኝ። «ምን ብለው?»

«ላግባሽ ብዬ።»

ተመልከት! አብደሃል የሚያሰኘኝ ነገር እውነት ነበር። ግን ደስ አላለኝም። «ምን አለች?»

«እንደ ወንድሜ ነህ አለች።» ጅራቱን አገላብጦ አየው። «ድልድዩ ጋ መጥቼ አይቼህ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ። ምን እንዳየችብህ ለማየት።»

«አገኙት?»

«አላገኘሁም።»

ሁለታችንም ሳቅን፣ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«ታዲያ ያን ቀን ስልኩን ለምን ዘጉት? አንድ ጊዜ ዝም ቢሉ...»

«ዘግቼው ከወጣሁ በኋላ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ» አለ። ከዚያ እጁን አድርቆ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ነው እናቴን የጠየቅኳት። እናቴ አሰፋች በወጣትነቷ ውቤ በረሃ ቡና ቤት ትሠራ ነበር፤ ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አላፍርበትም።

«እማዬ፣ ሕፃን ሆኜ እንዴት ነበርኩ?»

ጨርቅ እያጠፈች ነበር። እጇ ቆመ። «ብቻህን ቆልፌብህ ነበር ሥራ የምገባው። ማን ነበረኝ? መጀመሪያ በሩ ሥር ሆነህ ትጮህ ነበር። ከዚያ ለመድክና ዝም አልክ። ጎረቤት ‹እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው› ይሉኝ ነበር።» ጨርቁን መልሳ ዘረጋችው። «እኔ ግን ስታለቅስ ሳይሆን ዝም ስትል ነበር የምፈራው።»

*

በአስረኛው ቀን አስራ ሁለቱ ጅራት ነጣ፣ አስራ ሁለቱ እንደ አዲስ ጫማ አብለጨለጨ። ፈተናው ተጀመረ። አንድ ትልቅ ክብ ገንዳ ውስጥ አንድ አንድ እያስገቡ ማየት ነው። የኔ ቀለም ያለበት፣ ያልተወጋው ማለት ነው፣ እንደገባ መሀል ድረስ ሮጦ አሸተተ፣ ቆመ፣ እንደ ጉራኛ ዞረ። የተወጋው ግን ግድግዳውን ተጠግቶ ቀረ። ጥግ ጥጉን ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይንቀጠቀጣል።

«ማን ነካው?» አልኩ ለራሴ። «ድመት የለ፣ ምን የለ።»

«አሁን የሚያስፈራው ነገር የለም» አለች ወይኒ። በአስር ቀን የመጀመሪያ ቃሏ ነው። «ድሮ ነው።»

ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። በኋላ ሳስበው አውቆ ነው የወጣው። እኔ ገንዳው ላይ እንዳጎነበስኩ፣ ስለ ተቆለፈው በር ነገርኳት። ስታረፍድ ሆዴ ውስጥ ስለሚነሳው ውሃ ነገርኳት። ሌላ ጊዜ ቀልድ የሚበዛብኝ ሰው፣ አንድ ቀልድ አልመጣልኝም።

እሷም ገንዳው ላይ አብራኝ አጎነበሰች።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ልበል? የተወጋሁ አይጥ ነኝ ልበልሽ?»

«አይጥ ጅራት አይቀባም፣ ፈቀደ።» ድምጿ ዝቅ ብሏል። «ፍርሃቱን ሌላ ሰው ሰጥቶህ ይሆናል። ዶክተርም ቢሆን ሰውና አይጥ አንድ ነው አይልም። ቢልቃጡን የከፈትከው ግን አንተ ነህ። እኔ ሦስት ቀን ያ ወንበር ላይ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለተኛ ሆድህ ሲበርድህ፣ ማንንም አትከተል፣ ምንም አትቀባ። ና በለኝ። ‹ፈራሁ› በለኝ። ትችላለህ?»

«ፈራሁ» አልኳት።

«አሁን?»

«አሁን።»

ከገንዳው አይጡን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ በሌላ እጇ የኔን እጅ ያዘች። ቀለም ያለበት እጅ ነው፣ ሳሙናው አላስለቀቀውም። እሷም አልለቀቀችውም።

*

ሥራው ስለተረፈ ጓድ ካሣሁን ነገሩን ተወው። ዶክተሩ «የእንስሳት ተንከባካቢ» የሚል ደብዳቤ አጻፈልኝ፣ ቀበሌው ማኅተሙን አይቶ ተወኝ። እንዲህ ሆኜ ደግሞ ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ።

አባት የለኝም፣ አጎት የለኝም። ጋሽ አብዱል አንድ። ጋሽ አጥናፉ ሁለት። ሦስተኛው ጠፋ። አቶ ገብረትንሣኤ የሚሰሙት፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ፣ የተከበረ ሰው ያስፈልጋል። ወይኒ ዓይን ዓይኔን አየች። እኔም ማንን እንደምታስብ አውቄያለሁ፣ የማስበውም እሱን ነበር፣ ሳስበው ደግሞ ውሃው ሆዴ ውስጥ ይነሳል።

ሄጄ ጠየቅኩት።

«ለማን እንደምትልከኝ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ፈራሁ ደግሞ።»

«እኔም» አለ። «ስንት ሰዓት ነው?»

በመጀመሪያው እሁድ አቶ ገብረትንሣኤ «በሚቀጥለው እሁድ ተመለሱ» አሏቸው። በሁለተኛውም እንደዚያው። ወጉ ነው ይላሉ። እኔ አፍንጮ በር ታክሲ መቆሚያው ጋ ቆሜ ስንት ነገር ፈጠርኩ! ዶክተሩ ገብቶ ለራሱ እየጠየቀ ነው፤ በሰባተኛው ደቂቃ ተስማምተዋል፤ በአስረኛው ወልደዋል። ግን ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም።

በሦስተኛው እሁድ ጋሽ አብዱልና ጋሽ አጥናፉ ቁልቁለቱን እየሮጡ መጡ። ሽማግሌ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

«ሰጡ!» አሉ ጋሽ አጥናፉ። «ሰጡህ!»

ጋሽ አብዱል ክንዴን ያዙ፣ እያለከለኩ። «ስማ፣ ዶክተሩ አይነግርህም፣ እኔ ልንገርህ። ሰውየው ምን አሉት መሰለህ? ‹ልጄ፣ ለራስህ ብትመጣ ኖሮ በመጀመሪያው እሁድ እሰጥህ ነበር። ለምን ለሌላ ሰው ትለምነኛለህ?› አሉት። እኛ ደነገጥን። እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ምን አለ፣ ‹አባቴ፣ ወይኒ እኔን ታከብረኛለች። ከሱ ጋር ስትሆን ግን ትስቃለች› አለ። በቃ። ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ብዙ ጠረጉ፣ ‹እንግዲያው ሰጥቻለሁ› አሉ።»

ሽቅብ አየሁ። ወይኒ በራቸው ላይ ወጥታ ነጠላዋን ይዛ ቆማለች። እጇን አንስታ ጠራችኝ።

ዶክተሩ ግን መሀል መንገድ ላይ፣ አጥሩ ሥር ቆሞ ክብሪት ይጭራል። ሲጋራው አፉ ላይ ነው፣ ክብሪቱ ይጠፋበታል። ሌላ ይጭራል። ያም ጠፋ።

ወደ እሱ ሄድኩ። ክብሪቱን ከእጁ ተቀብዬ ለኮስኩ፣ በሁለት መዳፌ ከነፋሱ ከለልኩለት። ጎንበስ ብሎ አቀጣጠለ። ፊቱን ከመንገዱ በታች ወዳለው ገደል አዞረ።

«ሂድ እንጂ» አለኝ። «እየጠበቀችህ ነው።»

አየኋት። አየችን። እጇን ቀስ ብላ አወረደች፣ ገባት።

«ትጠብቅ» አልኩት፣ ሲጋራውን እስኪጨርስ አጠገቡ ቆምኩ።